ቤት የምታድር ሠራተኛ እንቅጠር ወይስ ይቅር? በሜሪላንድ፣ በዲሲና በቨርጂኒያ ለምንኖር ወላጆች

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ልጅ የተወለደበት ቤት ለጥየቃ ስትሄዱ፣ ገንፎው ተበልቶ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አንዷ እንግዳ ይህን ማንሳቷ አይቀርም፦ «ለምን አንዲት ልጅ አታስገቡም? ቤዝመንቱ እንደሁ ባዶ ነው።» ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ልብ በሉ፣ «ማስገባት» ተባለ እንጂ «መቅጠር» አልተባለም። «ልጅ» የተባለችውም ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ልትሆን ትችላለች። ስለ ደሞዝ ማንም አላነሳም።

እኔ ይህን ነገር በሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ። አሜሪካ በገባሁበት ዓመት አንድ የአገር ሰው ቤት እያደርኩ ሁለት ሕፃናት አሳድጌአለሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ መንታ ልጆቼን የሚያሳድጉልኝ እናት ቀጥሬ ቤቴ አስቀምጫለሁ። ከዚያ ሁሉ የወጣው ምክሬ አንድ ነው፦ ሰው መፈለግ ከመጀመራችሁ በፊት ሰዓቱን፣ ክፍሉንና ገንዘቡን ጨርሱ። ሰው ከተገኘ በኋላ ይሉኝታ ይመጣና «እኛ ቤት እንደ ቤተሰብ ናት» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ሰዓት የሚቆጥር የለም።

አንደኛ፦ የሁለት ሳምንት ደብተር

አንድ ሳምንት አይበቃም፤ የብዙዎቻችን ሺፍት ይዞራል። ለእያንዳንዱ ቀን የሃያ አራት ሰዓት መስመር አስምሩና አባትም እናትም ከልጁ ጋር መሆን የማይችሉበትን ሰዓት አጥቁሩ። መንገዱን አትርሱ፤ ቤልትዌዩ ላይ የሚያልቀው ሰዓትም ልጁ ያለ እናንተ የሚቆይበት ሰዓት ነው። እቤት እያላችሁ «አንድ ሰው ባገዘኝ» የምትሉበትን ሰዓት በሌላ ቀለም ጻፉት። እሱም እውነተኛ ችግር ነው፣ ግን መፍትሔው ሌላ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ቤት የምታድር ሰው ካልተገኘች መኖር የማንችል መስሎን ነበር። ባለቤቴ ኤርፖርት ነው የሚሠራው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ 7 ሰዓት ላይ ይመለሳል። እኔ ሆስፒታል በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ እወጣለሁ። ደብተሩን ስንሞላው የጠቆረው በሳምንት 21 ሰዓት እንኳን አይሞላም ነበር። ለዚህ ሰው ቤት አይገባም፤ ተመላላሽ ቀጠርን፣ በቃ።

መንታዎቹ ሲመጡና እኔ ወደ ማታ ሺፍት ስዞር ግን ደብተሩ ሌላ ሆነ። ባለቤቴ ከወጣበት ሌሊት ጀምሮ እኔ ከሥራ ገብቼ ትንሽ ተኝቼ እስክነሳ ድረስ፣ በሳምንት ሦስት ሌሊት ቤቱ ሰው ይፈልጋል። በጥር ብርድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚመጣ ተመላላሽ ደግሞ የለም። የቀኑን እገዛ ጨምረን በሳምንት 45 ሰዓት ወጣ። ቤት የሚያድር ሰው ያስፈለገን ያኔ ነው።

በእኔ እይታ ነገሩ የሚያዋጣው በሦስት ሁኔታ ነው፦ ሁለቱም ወላጆች የሌሊት ወይም የሚዞር ሺፍት ሲኖራቸው፣ ከአንድ በላይ ጨቅላ ሲኖር፣ ወይም የመርሳት በሽታ የያዛቸው አባት ወይም እናት ቤት ውስጥ ሲኖሩ። የጠቆረው ሰዓት ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሆነ፣ ቤት የሚያድር ሰው አያስፈልጋችሁም።

(አንድ ነገር ካነሳሁ አይቀር፦ ከላይ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ከምትቀጥሯት ሰው ጋር ስትነጋገሩ ግን ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጠዋትና ማታውን ለይታችሁ ጻፉ። የፈረንጁን ጠዋት አስቤ «ሰባት ሰዓት ላይ ጀምሪ» ብዬ ተመላላሿ ልጅ በፈረንጁ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ላይ ከች ያለችበትን ቀን ሆስፒታሉ አይረሳልኝም።)

ከሰዓቱ ጎን ሥራውን ጻፉ። ልጅ መጠበቅ ብቻ ነው? የልጆቹ ልብስና ምግብስ? የአዋቂው እራት? እንጀራ? ቤት የምታድር ሰው ላይ ሥራ የሚጨመረው በአንድ ቀን አይደለም። «ልጆቹ ሲተኙ እግረ መንገድሽን» ተብሎ ይጀመራል፤ በሦስተኛው ወር ሊጥ የምታቦካው፣ ለማኅበር የምትደግሰውና የእንግዳ ሳህን የምታጥበው እሷ ናት።

ሌሊቱን ለብቻ አስቡበት። በፌደራል ሕግ ቤት የምታድር ሠራተኛ ለሠራችበት ሰዓት ሁሉ ቢያንስ ዝቅተኛው ደሞዝ ይገባታል። የእንቅልፍና የነፃነት ሰዓቷ በስምምነት ከሒሳቡ ሊወጣ ይችላል፤ ለሥራ ከተቀሰቀሰች ግን ያ ሰዓት ይቆጠራል። እኔ ስሠራበት በነበረው ቤት የሕፃኑ ድምፅ ማዳመጫ የሚቀመጠው እኔ ክፍል ነበር። «ሌሊት ትሠሪያለሽ» ያለኝ ሰው የለም፤ ማዳመጫው ብቻ አንድ ቀን ራስጌዬ ላይ ተገኘ። ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በአንድ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ እነሳ ነበር፤ ደሞዜ የቀኑ ብቻ ነው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አልተነጋገርንም፣ ያ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ክፍሉ

ሳሎን ሶፋ ላይ ወይም ከልጆቹ ጋር የምታድር ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙና ወደ ሌላው አማራጭ እለፉ።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት የራሱ ሕግ አለው፤ በ2008 የወጣ ነው። ቤት የምታድር ሠራተኛ በሯ የሚቆለፍ የግል መኝታ ክፍል ሊኖራት፣ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያና የልብስ ማጠቢያ በአግባቡ መጠቀም ልትችል ይገባል ይላል። ሌላ ካውንቲ ብትኖሩም ከዚህ አትውረዱ።

ቤዝመንት ከሆነ መስኮቱን ተመልከቱ። የመኝታ ክፍል በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት ወይም በር ሊኖረው ይገባል። ጣሪያው ሥር ያለች ትንሽ የመስታወት ቀዳዳ መውጫ አትባልም። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ግጠሙ። አፓርታማ የምትከራዩ ከሆነ ደግሞ ሌላ አዋቂ ሰው ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ የኪራይ ውላችሁን አንብቡ።

ከዚያ አንድ ሌሊት ራሳችሁ እዚያ ክፍል ውስጥ እደሩ። ማሞቂያው ይደርሳል? ልጆቹ ከላይ ሲሮጡ ምን ይሰማል? ባለቤቴ አድሮ ሲነሳ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወፍራም ምንጣፍ መግዛት ነበር።

ሦስተኛ፦ ሒሳቡ

ብዙ ሰው «በወር ይህን ያህል እሰጣታለሁ፣ ምግብና ቤት ነፃ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ አትጀምሩ። ከሰዓቱ ጀምሩ።

የፌደራሉ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ነው፤ እኛ አካባቢ ግን የሚሠራው የግዛቱ ነው። ሜሪላንድ ከጥር 2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ የራሱ ከፍ ያለ ልክ አለው። ዲሲ በሐምሌ 2025 17.95 ገብቶ ነበር። ቨርጂኒያ በ2025 12.41 ነበር። በዚህ ዋጋ ግን ጨቅላ የሚይዝ ልምድ ያለው ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ኦቨርታይምን በተመለከተ፣ የፌደራሉ ሕግ ቤት የሚያድሩ የቤት ሠራተኞችን ከአንድ ተኩሉ ክፍያ ያወጣቸዋል። ግዛቶችና ካውንቲዎች ግን የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ስለዚህ ስታቅዱ ከ40 ሰዓት በላይ ያለውን በአንድ ተኩል አስቡት፤ በዚያ ሒሳብ ካላዋጣችሁ ነገሩ አላዋጣችሁም ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። በሰዓት 18 ዶላር፣ በሳምንት 45 ሰዓት። አርባው ሰዓት 720 ዶላር፣ አምስቱ በ27 ዶላር 135፣ ድምሩ 855። በ52 ሳምንት 44,460 ዶላር ይሆናል፤ የምታርፍባቸውን ሳምንታትም ትከፍላላችሁና 52ቱንም ቁጠሩ። በዚህ ላይ የአሠሪው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻ 7.65 በመቶ፣ ማለትም ወደ 3,400 ዶላር ይጨመራል። የፌደራል የሥራ አጥነት ግብር በመጀመሪያው 7,000 ዶላር ላይ ብቻ ይሰላል፤ የግዛቱን በወቅቱ የከፈለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 0.6 በመቶ፣ ማለትም 42 ዶላር ይደርስበታል። ድምሩ 47,900 ገደማ ነው። የግዛቱ የሥራ አጥነት መዋጮ፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባው ኢንሹራንስ፣ የምትበላው ምግብና የመብራቱ ጭማሪ ገና አልገባም።

አሁን ከ40 ሰዓት ያለፈችውን አምስት ሰዓት ብቻ ለይታችሁ እዩዋት። የአሠሪው ግብር ሲጨመርባት በዓመት 7,500 ዶላር ትበልጣለች። «አንድ ሰዓት ብትቆይ ምናላት» የምንለው በቀን አንድ ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ነው። ካልከፈልነው ደግሞ ከእሷ ኪስ የወጣ ነው።

ከዚያ ይህን ቁጥር ከሁለታችሁ አነስተኛው ገቢ፣ ታክሱ ከተነሳለት በኋላ ከሚቀረው ጋር አስተያዩት። ከበለጠው አንዳችሁ ለአንድ ዓመት ሰዓት መቀነስ ይሻላችሁ እንደሆነ በግልጽ ተነጋገሩ። ይህ ወሬ ባልና ሚስትን ያኳርፋል፤ ሠራተኛዋ ቤት ገብታ ደሞዟ በዘገየ ቀን ከሚመጣው ኩርፊያ ግን ይሻላል።

«ካሽ ብንሰጣትስ? እሷም የምትፈልገው ካሽ ነው።» ይህን ሁሉም ይለዋል፣ እኔም በጊዜዬ ካሽ ነበርኩ። የቤት ሠራተኛ በ2025 ከአንድ አሠሪ 2,800 ዶላርና ከዚያ በላይ ካገኘች የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር መከፈል አለበት፤ መጠኑ በየዓመቱ ይስተካከላል። 1099፣ ማለትም በግሉ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠውን ፎርም፣ ሰጥቶ መገላገልም አይሠራም። ሰዓቱንም አሠራሩንም የምትወስኑት እናንተ ስለሆናችሁ በአይአርኤስ (በፌደራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ዓይን ተቀጣሪ ናት፤ የሚገባት ደብሊው-2፣ ማለትም የተቀጣሪ የዓመት ደሞዝና ግብር ወረቀት ነው።

ጉዳቱ ግን ከአይአርኤስ ይልቅ የእሷ ነው። ሙሉ የጡረታ መብት ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ በደምቡ የአሥር ዓመት ሥራ ያስፈልጋል፤ በካሽ ያለፈ ዓመት ለዚህ አይቆጠርም። አዲስ አበባ የቀረ ልጇን ለማምጣት ስፖንሰር ስትሆን የገቢና የታክስ ወረቀት ትጠየቃለች። በካሽ የሠራችበት ዓመት እዚያም ባዶ ነው። እኔ እናቴን ላመጣ ስነሳ ያ የመጀመሪያ ዓመቴ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ አገኘሁት። ለሠራተኛዬ ይህን ስነግራቸው «እኔ መቼ ይኼን አውቄ» ብለው ካሽ መጠየቃቸውን በዚያው ተዉት።

ለእናንተም ጥቅም አለው። በሥራ ቦታችሁ የልጅ እንክብካቤ የቅድመ ታክስ ሒሳብ ካለ እስከ 2025 በዓመት 5,000፣ ከ2026 ጀምሮ እስከ 7,500 ዶላር ማስቀመጥ ይቻላል። የተንከባካቢዋን የታክስ ቁጥር ካላስገባችሁ ግን አትጠቀሙበትም።

አካሄዱ ይህን ያህል አያስፈራም። ከአይአርኤስ ድረ ገጽ የአሠሪ ቁጥር ትወስዳላችሁ፣ በግዛታችሁም እንደ አሠሪ ትመዘገባላችሁ፣ በየደሞዙ ከእሷ 7.65 በመቶ ቀንሳችሁ የእናንተን ትጨምራላችሁ፣ በዓመቱ መጨረሻ ስኬጁል ኤች የሚባለውን የቤት ሠራተኛ ግብር ቅጽ ሞልታችሁ ከፎርም 1040 ጋር ታያይዛላችሁ። የፌደራል የገቢ ግብር መቀነስ ለቤት ሠራተኛ ግዴታ አይደለም፣ በስምምነት ነው። እኔ ግን ተስማምታችሁ ቀንሱላት እላለሁ፤ አለበለዚያ በሚያዝያ ያልጠበቀችው ዕዳ ይመጣባታል።

አራተኛ፦ ሌላውን አማራጭ በቁም ነገር እዩ

ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው የቤት ውስጥ ዴይኬሮች እስከ ስምንት ልጅ ይይዛሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አማርኛ የሚነገርባቸው አሉ፣ ምሳው ሽሮ ነው። የቁጥጥር ሪፖርታቸውን ግዛቱ በኢንተርኔት ያወጣዋል፤ ከመመዝገባችሁ በፊት አንብቡት። «ልጄ አማርኛ እንዲለምድ ነው ሰው ቤት የማስገባው» የሚል ወላጅ መጀመሪያ እዚህ ይሂድ። ሁለት ጎረቤት ቤተሰብ ተመላላሽ በጋራ መቅጠርም አለ፤ ልጆቹ በዕድሜ ከተቀራረቡ ጥሩ ነው።

አያትን ማምጣት የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። በጉብኝት ቪዛ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈቀድለታል፣ ተቀጥሮ መሥራት ግን አይፈቀድለትም። እናታችሁ ዱለስ ላይ «ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ሲባሉ «ልጅ ላሳድግ» ካሉ ጥያቄው ይረዝማል፤ ስለዚህ መጀመሪያውኑ የአያት ጉብኝት ይሁን፣ የሥራ ዕቅድ አታድርጉት። በስልሳ አምስት ዓመታቸው ሁለት ጨቅላ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ በየካቲት በረዶ ቤት ተዘግቶባቸው፣ ጎረቤት ሳይኖራቸው ምን እንደሚሆኑም አስቡ። የእኔ እናት በሦስተኛው ሳምንት «እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?» ብለው መስኮት ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አግኝቻቸዋለሁ።

በጄ-1 ቪዛ የሚመጡ ኦፔሮችም አሉ፤ ቤተሰብ ጋ እየኖሩ ልጅ የሚጠብቁ የውጭ አገር ወጣቶች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 26 ነው፣ በሳምንት ከ45 በቀን ከ10 ሰዓት በላይ አይሠሩም፣ ለኤጀንሲውም ይከፈላል። ለቀን እንጂ ለሌሊት ሺፍት ቤት አይሆኑም።

አምስተኛ፦ ወረቀት

ከአዲስ አበባ ሠራተኛ አስመጣለሁ የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ለተራ ነዋሪ እንዲህ ያለ ቀላል መንገድ የለም። ኤ-3 እና ጂ-5 የሚባሉት ቪዛዎች ለዲፕሎማቶችና እንደ ዓለም ባንክ ባሉ ድርጅቶች ለሚሠሩ ሰዎች ሠራተኞች ነው፤ እነሱም የተፈረመ ውል ይጠየቅባቸዋል። «በጉብኝት አስገብተን እናስቀራታለን» የሚለው ዕቅድ ደግሞ መዘዙ ለእሷ ነው፤ ወረቀት የሌላት ሴት እናንተን ፈርታ የምትኖርበት ቤት ይሆናል።

እዚህ ያለች ሰው ስትቀጥሩ የመሥራት መብት እንዳላት የሚረጋገጥበት ፎርም አይ-9 አለ፤ ሥራ በጀመረች በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ዋናውን ሰነድ አይታችሁ ትሞሉታላችሁ። የትኛውን ሰነድ እንደምታቀርብ የምትመርጠው እሷ ናት። የጥገኝነት ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ የሥራ ፈቃድ ካርዷ ላይ የሚያበቃበት ቀን ካለ መዝግቡትና ከወራት በፊት አስታውሷት።

ፓስፖርቷን አይታችሁ መልሱላት። «እንዳይጠፋባት እኔ ጋ ይቀመጥ» አትበሉ። ሰውን በሥራ ለመያዝ ፓስፖርት ማስቀረት በፌደራል ሕግ ወንጀል ነው። ደሞዟንም ለእሷ ስጡ፤ ለእናቷ ወይም ላገናኛችሁ ዘመድ በቀጥታ አትላኩ። ወደ አገር መላክ ያለባት እሷ ናት።

ስድስተኛ፦ ሰው ስትፈልጉ

የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ፣ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ የቴሌግራም ግሩፕ፣ የጓደኛ ጓደኛ፤ ሁሉም ይሠራሉ። አገር ቤት ተያዥ እንጠይቃለን፤ እዚህ የዚያን ቦታ የሚይዘው የቀድሞ አሠሪ ስልክ ነው። ሁለት ሰው ደውሉ። «ጥሩ ሰው ናት ወይ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም «በጣም» ይላችኋል። «ስንት ወር ቆየች? ለምን ወጣች? ልጁ ሲወድቅ ምን አደረገች?» በሉ።

እሷን ራሷን ስታነጋግሩም በነገር ጠይቁ። ሕፃኑን በምን በኩል ታስተኛዋለች? በጀርባው፣ አልጋው ላይ ብርድ ልብስ ሳይኖር ነው ትክክሉ፤ ብዙ እናቶቻችን በጎን አቅፈው ያሳደጉ ናቸውና ይህ ላይ ተነጋገሩ። ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ለሆድ ቁርጠት ብላ እንዳታቀምሰው ቀድማችሁ ንገሯት። 911 ደውላ አድራሻችሁን በእንግሊዝኛ መናገር ትችላለች? ካልቻለች በትልቁ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉና አብራችሁ ተለማመዱ። የሕፃናት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ካልወሰደች እናንተ ክፈሉላትና ትሂድ፤ የሥልጠናው ሰዓትም የሥራ ሰዓት ነው።

እሷም ትጠይቃችሁ። ዝም ካለች እናንተ አውጡት፤ «ካለፈው ቤትሽ ያስከፋሽ ምን ነበር?» የምትለዋ ጥያቄ ብዙ ትከፍታለች። እኔ የቀጠርኳቸው እናት የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነበሩ። ሲገቡ «እሜቴ» ሊሉኝ ጀመሩ። «እትዬ፣ እርስዎ ይበልጡኛል፤ ስሜን ይጥሩኝ» አልኳቸው። ልጆቹ «እማማ» አሏቸው፣ እኔ «እርስዎ» እንዳልኩ ቀጠልኩ፤ ባለቤቴ ሊያዛቸው ሲያፍር ደግሞ መመሪያውን ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍ ጀመረ።

ሰባተኛ፦ ውሉ

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለምትሠራ የቤት ሠራተኛ አሠሪው የጽሑፍ ውል ማቅረብ አለበት። ሌላም ቦታ ብትሆኑ ጻፉ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ሁለት ገጽ ይበቃል። ሰዓቱ፣ ደሞዙና የሚከፈልበት ቀን፣ ሥራው ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ፣ የሌሊት መነሳት እንዴት እንደሚቆጠር ይግባ። ቀሪው ሰው የሚረሳው ነው፦

የዕረፍት ቀን ማለት ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ማታ ከሆነ በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ ብትኖርም ሥራ ላይ አይደለችም። ወጥ ቤት ገብታ ቡና ስታፈላ ልጁን አታስይዟት። ይህን ለልጆቹም ንገሩ፤ የእኛዎቹ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው «ዛሬ የእማማ ቀን ነው» ማለት ለምደው ነበር።

በዓላቱን በስም ጻፉ። ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለትና ፋሲካ፣ መስቀል፤ ሙስሊም ከሆነች ሁለቱ ኢዶች። ለእናንተም የዓመቱ ዋና ቀን ናቸውና «በዓል ነው፣ እንግዳ አለብን» የሚል ጠብ የሚነሳው ያኔ ነው። የምትጾም ከሆነም ረቡዕና ዓርብ የራሷን ምግብ የምታበስልበት ጊዜ ይኑራት።

መኪና የምትነዳ ከሆነ የመኪና ኢንሹራንሳችሁ ላይ ስሟ ይግባ። ካሜራ ካለ የት የት እንዳለ ንገሯት፤ መኝታ ክፍሏና መታጠቢያ ቤት አይገባም። ሜሪላንድ ውስጥ የሰውን የግል ንግግር ሁሉም ተናጋሪዎች ሳይስማሙ መቅዳት ሕገ ወጥ ነው፤ ስለዚህ የካሜራውን ድምፅ አጥፉት ወይም በጽሑፍ ፈቃዷን ውሰዱ።

ስለ መለያየት መጀመሪያ ላይ ተነጋገሩ። ተመላላሽን ስታሰናብቱ ሥራዋን ነው የምታጣው፤ ቤት የምታድረው ግን በአንድ ቀን ሥራዋንም ቤቷንም ታጣለች። እኛ የጻፍነው እንዲህ ነበር፦ ማንኛችንም ለመለያየት የአራት ሳምንት ማስታወቂያ እንሰጣለን፤ በአስቸኳይ እንድትወጣ ካደረግን የአራት ሳምንት ደሞዝ እንከፍላለን፤ እስከዚያ ክፍሉ የእሷ ነው።

ስምንተኛ፦ ሳትገባ በፊት

ሁለት ሳምንት በተመላላሽነት ትሥራ፣ ደሞዝ እየተከፈላት። ከተስማማችሁ አንድ ሌሊት ትደርና ጠዋት ተነጋገሩ። የሰዓት መመዝገቢያ ደብተር አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ በየቀኑ የጀመረችበትንና የጨረሰችበትን እሷ ትጻፍ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ሁለታችሁ ፈርሙ። ሦስት ወር ሲሞላ የመጀመሪያውን የሁለት ሳምንት ደብተራችሁን አውጥታችሁ ከእሷ ጋር አመሳክሩት። እኛ ስናመሳክር 45 ያልነው 49 ሆኖ አገኘነው። የአራቱን ሰዓት ልዩነት ከፈልንና የማታውን ገላ ማጠብ ባለቤቴ ወሰደው።

በየዓመቱ እስከ ጥር መጨረሻ፣ ማለትም በፈረንጁ አቆጣጠር እስከ ጃንዋሪ 31 ደብሊው-2ዋን ስጧት። ወጥታ ከሆነ አዲሱን አድራሻዋን ጠይቃችሁ በፖስታ ላኩላት፤ የዓመት ሥራዋ ማስረጃ ያ ወረቀት ነው።